አራተኛው ብሎን

ኢንስፔክተር ወሰንየለሽ ከሮቢት በባጃጅ ተንገላታ ቆቦ ስትደርስ፣ አናጢው ሰላሁዲን መጋዝ ማሽኑ ሥር ነጠላ አልብሰውት ተዘርግቶ ነበር። የተመታው ጆሮ ግንዱ ላይ ነው። አጠገቡ አንድ ሳንቃ ወድቋል። በዚህ ሳምንት ሦስተኛ ሬሳዋ መሆኑ ነው፤ ሙቀቱም ሰውም ታክቷታል።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት የአካባቢው ፖሊስ። «በያጁ ጠረጴዛውን በቅጡ አላሰረውም። ብሎን ወልቆ ጠረጴዛው ሲዘነብል ሳንቃው ተፈናጥሮ መታው።»

በያጁ ፈሪድ በካቴና ታስሮ ሰጋቱራው ላይ ተቀምጧል። የሟች ሚስት የዘሊካ ታናሽ ወንድም ነው።

«ባሌን አላህ ወሰደው» አለች ዘሊካ፣ ድምጿ ሰልሎ። «ወንድሜን ደግሞ እናንተ ልትወስዱት?»

ወሰንየለሽ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ወደ ፈሪድ ዞረች።

«ሥራው ምን ነበር?»

«ተንሸራታች ጠረጴዛ መግጠም። ሳንቃ ሲሰነጠቅ ተሸክሞት አብሮ የሚሄደውን። ከአሮጌው ማሽን ፈትተን ለአዲሱ ልናደርገው ነበር። ቀዳዳው አልገጥም ሲል አዲስ በሳሁ፤ ሦስት ሚሊ ዝቅ ሲል ከሥሩ ላሜራ ቀረቀርሁበት። ወላሂ፣ አራቱንም ብሎን አጥብቄ ነው ለዙህር ሶላት የሄድሁት። ሰላሁዲን ‹እደርስብሃለሁ› አለኝ።»

ፈሪድ መስጊድ ውስጥ ከፊት ሰልፍ እንደነበረ ኢማሙ መስክረዋል።

«አሮጌው ማሽን የማን ነው?»

«የአባቴ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው» አለ ታረቀኝ። የሟች የሃያ ዓመት የሥራ ባልንጀራ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ጎብዬ እንጨት ልገዛ ሄጄ ስመለስ ተገነጣጥሎ ጠበቀኝ።»

«ከዚያስ?»

«ምን እላለሁ? ሻይ ቤት ገባሁ። ማሽኑ ሲያጓራ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ጩኸት። ስደርስ አልቆለታል።»

ወሰንየለሽ ጉልበቷን እየተጫነች ጎንበስ አለች። የሳንቃውን ሁለቱንም ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች፤ ልሙጥ ነው። የወለቀው ብሎን መሬት ላይ ነው፤ ቀለበቱ ሮንዴላና ብሎኑን የሚያጠብቀው ዳዶ ጫፉ ላይ ታስረዋል። ሁሉንም ፎቶ አንስታ ቀና አለች።

«ካቴናውን ፍቱለት። ፈሪድ፣ ታረቀኝ፣ ከቀሩት ሦስት ብሎኖች አንዳንድ ፈታችሁ ስጡኝ።»

ፈሪድ ፈታና መዳፉን ዘረጋ፦ ብሎኑ፣ ሮንዴላውና ዳዶው ለየብቻ። ታረቀኝም ፈታ። ዓይኑ ሬሳው ላይ እንደተተከለ፣ ጣቶቹ ሮንዴላውን አስገቡ፤ ዳዶውን ሁለት ዙር አዞሩና አቀበሏት።

«ተቀመጡ» አለች በቀስታ። «መጋዝ የሚያፈናጥረው ሳንቃ መጀመሪያ የመጋዙ ጥርስ ይነክሰዋል። ይኼን አልነካውም። ስለዚህ ማንም አልሰነጠቀም፤ ሳንቃውን የሰነዘረው የሰው እጅ ነው። ብሎኑስ? በማሽን ንዝረት የወለቀ ብሎን ዳዶው ቀድሞ ወድቆ ሰጋቱራ ውስጥ ይጠፋል። ይኼ ግን ከወለቀ በኋላ ዳዶው ተመልሶ ገብቶበታል። የፈታው ሰው ነው፤ ጥፋቱ በፈሪድ እንዲላከክ። ፈሪድ ደግሞ ሶላት ላይ ነበር። ታረቀኝ፣ አሁንም እጅህ ዳዶውን መልሶ ገጠመው። ያልዞረ ማሽን ሲያጓራስ እንዴት ሰማህ?»

ታረቀኝ እጁን እንደ ባዕድ እጅ አየው። ለመካድም አቅም አጣ።

«‹የፈታኸውን ብሎን ራቁቱን አትተወው፣ ቆቦ ላይ መለዋወጫ የለም› ይለኝ ነበር አባቴ። ልጅ ሆኜ፣ በዚያው ማሽን ላይ። ሰላሁዲንን ‹ምነው ሳትጠይቀኝ?› ብለው ‹ብረት አይደለም ወይ› ብሎ ሳቀብኝ። መምታቴን ያወቅሁት ከወደቀ በኋላ ነው።»

«ወንድሜንስ?» አለች ዘሊካ።

«ፈራሁ።»

ፖሊሱ ካቴናውን አንስቶ ወደ ታረቀኝ ሄደ። ወሰንየለሽ ሰው መክሰስ ሰልችቷት ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። ዘሊካ የወንድሟን አንጓ ይዛ እያሻሸች፣ ወደ ታረቀኝ ዞረች።

«ብትነግረው እኮ ይመልስልህ ነበር» አለችው። «አራት ብሎን ነው።»