ካምቢዮው የረሳው እግር

ፒክአፑ የተገኘው ማክሰኞ ጠዋት፣ መናኸሪያው በር ላይ ነው። በሩ ተቆልፏል። መስኮቱ ተዘግቷል። ባለቤቱ የለም።

ባለቤቱ ቀያሽ ነው፤ መሬት የሚለካ የመንግሥት ሠራተኛ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ መለኪያውን ጭኖ ከመሥሪያ ቤቱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም። ስልኩም ዝግ ነው።

ሚስቱ ትርፍ ቁልፍ ይዛ እየሮጠች መጣች። ከዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ በባሏ ስም የተቆረጠ የአውቶቡስ ትኬት ደረሰኝ ወጣ። ወደ ድንበር የሚሄድ፣ መመለሻ የሌለው።

«እንግዲህ» አለ ለምርመራ የመጣው የፖሊስ ኢንስፔክተር ደረሰኙን እያገላበጠ፤ «ትኬት የቆረጠ ሰው ታፍኗል አይባልም።»

«ባሌ የጥርስ ብሩሹን ሳይዝ ጎረቤት እንኳ አያድርም።»

«ወይዘሮ፣ ባል ሲጠፋ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት። ሲገኝ ከሌላ ሴት ቤት ነው።»

ሴትየዋ የመኪና መንዳት አሰልጣኝ ነች። አሥራ ስድስት ዓመት ከሾፌር ጎን ተቀምጣ የሰው ስህተት ስትጠብቅ የኖረች፣ ተማሪ ወደ ግንብ ይዟት ሲሄድ እንኳ ድምጿን የማታነሳ ሴት ናት። ያን ጠዋት ግን የፒክአፑን በር ሙጭጭ አድርጋ ይዛ ቆመች። እየፈራች ነበር፤ ፍርሃቷም ባሏ ከሌላ ሴት ጋር ሄደ ብላ አልነበረም።

«የሚጠላው ሰው አለ?»

«አንድ የመሬት ደላላ ባለፈው ወር ‹መለኪያህን አስበላሃለሁ› ብሎታል።»

ደላላው በዚያው ቀን ተጠራ። ሰኞን ሙሉ በኩላሊት ጠጠር ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ነርሷ መሰከረች። ጩኸቱ ሦስት ፎቅ ያዳርስ ስለነበር ዘበኛውም መሰከረ። የደላላው ነገር እዚያው አበቃ።

አንድ ፖሊስ ፒክአፑን ከመናኸሪያው እስከ ጣቢያው ግቢ ነድቶ አስገባው። ሦስት ኪሎ ሜትር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ «ይውሰዱት፤ ግቢያችንን አጣበበ» አሏት።

ሞተሩን አስነሳች። ማርሹን ዲ ላይ አደረገች። ነዳጅ ነካ ስታደርግ መኪናው ከኋላ እንደተረገጠ ሁሉ ገፈተራት።

ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲያልፍ፣ ድው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ እያመነታ፣ እያጓራ፣ ድው።

ይህን መኪና ታውቀዋለች። ባሏ እንቁላል የሚረግጥ ይመስል ነዳጅ የሚሰጥ ሰው ነው፤ «ሰላማዊ ሰልፍ ነው እንዴ የምትመራው?» እያለች የምትቀልድበት። አምስት ዓመት ከእሱ ሌላ የነዳው ስለሌለ መኪናው ማርሽ ሲቀይር ከጎን የተቀመጠ ሰው አይሰማውም ነበር። አሁን ግን የማታውቀው መኪና ላይ የተቀመጠች መሰላት። ይህ ለምን እንዳስፈራት ለራሷም ማስረዳት አልቻለችም።

ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ወንድሟ ጋራዥ ነዳች። ሁለት ኪሎ ሜትር።

ታናሽ ወንድሟ መካኒክ ነው። አጭርና ጠንካራ በመሆኑ ሰፈሩ ሁሉ «ብሎን» ነው የሚለው። መንዳት ያስተማረችው እሷ ናት። ሬዲዮው እስኪሰነጠቅ ይጮሃል፤ ጓሮ ያለው የዕቃ ኮንቴይነር ተቆልፏል። ብሎን ዓይኑ ቀልቶ፣ ጢሙን ሳይላጭ፣ በሁለት እጁ አቀፋት።

«አይዞሽ እታለም። ይመጣል።»

«መኪናው እየመታኝ ነው። ማርሹ...»

«አይዞሽ፤ እግርሽን እስኪለምድ ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሂጂበትና ይለሰልሳል።»

«በኮምፒውተር እየውና ንገረኝ።»

«ማሽኔ ተበላሽቷል። ይልቅ ቤት ሄደሽ አረፍ በይ።»

ልቧ ትንሽ ረጋ። ወንድም መከታ ነው። ግን ከጋራዡ ወጥታ የመጀመሪያው አደባባይ ላይ ማርሹ እንደገና ሲመታት ወደ ቤት መታጠፉን ተወችው። አምስት ኪሎ ሜትር ነድታ ከተማው ጫፍ ያለ የካምቢዮ ባለሙያ ዘንድ ደረሰች።

ባለሙያው የድሮ ተማሪዋ ነው። የማንንም ካምቢዮ ፈትቶ ይገጥማል፤ የመንጃ ፈተና ግን ሦስት ጊዜ ወድቋል።

«ቲቸር! ለአራተኛው እንዳትይኝ ብቻ።»

ፊቷን ሲያይ ቀልዱን ዋጠ፤ የባሏን መጥፋት ነገረችው። መጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት አየና አሸተተው። «ተቃጥሏል» አለ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከመሪው ሥር ሰካ፤ የመጣውን ሁለት ጊዜ አነበበ።

«ቲቸር፣ ይሄን ማን ሰረዘው?»

«ምኑን?»

«ትምህርቱን። የዛሬ ዘመን ኦቶማቲክ የሾፌሩን እግር ያጠናል። መቼ ማርሽ መቀየር እንዳለበት፣ ምን ያህል ቀስ ማለት እንዳለበት ይለምዳል። የባልሽን አምስት ዓመት አንድ ሰው ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶታል። አሁን ገና አንደኛ ክፍል ነው፤ ለዚህ ነው የሚመታሽ።»

«በራሱ ሊጠፋ አይችልም?»

«በዚህ መኪና አይችልም። እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው ነው የሚያጠፋው።» ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ። «አጥፊው ያላወቀው ነገር ግን አለ። የማይሰረዝ መዝገብ ይቀራል። ሰኞ ማታ ዘይቱ ከመጠን በላይ ግሏል፤ ጭቃ ውስጥ ተይዞ ጎማ ሲሽከረከር እንደዚያ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ካምቢዮው ራሱን ለማዳን ሦስተኛ ላይ ይቆለፋል፤ የማስጠንቀቂያ መብራትም ያበራል። ያንን መብራት በማሽን ሲያጠፉት ነው ትምህርቱም አብሮ የሚጠፋው። በዚህ ዙሪያ እንዲህ የሚይዝ ጭቃ ያለው የገደሉ መንገድ ላይ ብቻ ነው፤ የተቆለፈ መኪና ደግሞ ሜዳውን እየተጎተተ ይሄዳል እንጂ የገደሉን ዳገት አይወጣም።»

ገደሉ የሚባለው ከከተማው በስተጀርባ፣ ከዳገቱ ማዶ ያለው የተተወ የድንጋይ መፍለጫ ነው። የወደቀ ነገር የማይወጣበት። ባሏን ወደዚያ የሚወስደው ሰው አልቻለም ማለት ነው። ስለዚህ ምናልባት፣ ምናልባት ብቻ፣ ከዳገቱ ወዲህ ነው።

«ሌላም አለ። ከተሰረዘ ወዲህ የተነዳው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው።»

አሥራ ሁለት። እሷ መንገድ በሜትር የምታውቅ ሴት ናት፤ ሙያዋ ነው። ከመናኸሪያ ጣቢያ ሦስት። ከጣቢያ ጋራዥ ሁለት። ከጋራዥ እዚህ አምስት። አሥር ሆነ። ሁለት ቀረ።

ሁለቱ ኪሎ ሜትር የተነዳው መኪናው መናኸሪያው በር ላይ ሳይቆም በፊት ነው። ትምህርቱ የጠፋው ከመናኸሪያው ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ነው።

«ከመናኸሪያው ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ይሄ ማሽን ያለው ጋራዥ ስንት ነው?»

ባለሙያው ጨርቅ አንስቶ ንጹሕ እጁን መጥረግ ጀመረ። «አንድ ነው፣ ቲቸር።»

ታውቀዋለች። ተማሪዎቿን ለፈተና የምታለማምድበት መንገድ ነው፤ ሦስት አደባባይ፣ አንድ ቁልቁለት። የሚጀምረው ከወንድሟ ጋራዥ በር ነው፤ የሚያበቃው መናኸሪያው ላይ።

የዚያኔ «እግርሽን እስኪለምድ ነው» ያላት ትዝ አላት። ትምህርቱ መጥፋቱን ማን ነገረው?

ስልኳ ጮኸ። ብሎን ነው።

«እታለም፣ የት ነሽ? መኪናውን አምጪው፤ ማሽኔ ተሠራልኝ። ማታ ሞክሬው ጠዋት እመልስልሻለሁ።»

«እሺ» አለች።

ባለሙያው ሰምቷል። «አሁን እኮ ዳገቱን ይወጣል» አለ በሹክሹክታ።

ኢንስፔክተሩ ጋ ደወለች። ሰው ሲናገር ሳያቋርጥ የመስማት ልማድ ያልነበረው ኢንስፔክተር እስከ መጨረሻው ሰማት።

«በኪሎ ሜትር ሰው አይታሰርም፣ ወይዘሮ።»

«ይታሰር አላልኩም። ጓሮው ውስጥ ሁልጊዜ ክፍት የነበረ የዕቃ ኮንቴይነር አለው። ዛሬ ተቆልፎ አየሁት። እሱ ይከፈትልኝ። ካልሄድኩ ይጠረጥራል፤ ስለዚህ እኔ እየሄድኩ ነው።»

«ሃያ ደቂቃ ይስጡኝ።»

አምስቱን ኪሎ ሜትር ስትነዳ እግሯ ፔዳሉን ይስት ነበር። ተማሪዋ እንዲህ ቢነዳ ታስወርደው ነበር። ባለሙያው ከጎኗ ቀበቶውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ብቻሽን አትሄጂም ብሎ ነው።

ብሎን በር ላይ ጠበቃት። ባለሙያውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ ወዲያው ግን ሳቀ።

«ቁልፉን ወዲህ በያ።»

ቁልፉን መዳፏ ውስጥ እስኪወጋት ጨበጠችው። የእናቷ ልጅ ነው። በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ ነው። ፈራችው።

«ቆይ፤ ውሃ ስጠኝ መጀመሪያ።»

ውሃውን ጉንጭ ጉንጭ እያደረገች ጠጣች። ብርጭቆው ሊያልቅ ሲል ኢንስፔክተሩ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ገባ።

«ሰኞ ማታ የት ነበርክ?»

«እዚሁ።»

«ፒክአፑን ነክተኸዋል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ታዲያ እግሯን እስኪለምድ ነው ያልካት ምን አውቀህ ነው?»

«ማንም መካኒክ የሚለው ነው።»

«አይደለም» አለ ባለሙያው፤ ድምፁ ቀጭን ሆኖ ወጣ። «አምስት ዓመት የተነዳ ካምቢዮ መታኝ ሲባል መካኒክ ዘይት ነው የሚያየው። እሷ እንደነገረችኝ አንተ ኮፈኑን እንኳ አልከፈትክም። የሆነውን ስለምታውቅ ነው።»

«ኮንቴይነሩን ክፈት» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ቁልፉ ጠፍቶብኛል።»

አሰልጣኟ ሄዳ ሬዲዮውን አጠፋችው።

ጋራዡ ጭር አለ። ሁሉም ቆሙ። ከኮንቴይነሩ ውስጥ ብረት በቀስታ ሲቧጨር ተሰማ። አንዴ። ደግሞ አንዴ።

እግሯ እንዴት እዚያ እንዳደረሳት አታስታውስም። ፖሊሶቹ ቁልፉን ሰበሩት። ቀያሹ ከአሮጌ ጎማዎች መካከል ታስሮ ተኝቷል፤ ግንባሩ ተፈንክቷል፤ አፉ በጨርቅ ታስሯል፤ ከጎኑ ግማሽ ውሃ ያለበት ጄሪካን አለ። ዓይኑን ከብርሃኑ እየሸሸገ አያት። ስሙን እየጠራች መሬት ላይ ተዘረጋች፤ እንደ ልጅ አለቀሰች።

አምቡላንሱ እስኪመጣ ብሎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ተናገረ። የታሰረው ሰው ሳይሆን እሱ የተፈታ ይመስል ነበር።

መሥሪያ ቤቱ የሰፈሩን ይዞታ እንደ አዲስ ሲያስለካ ጋራዡ ስምንት ሜትር ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ገብቶ ተገኘ። ማሽኖቹ የተተከሉት በዚያ ስምንት ሜትር ላይ ነው። ቀያሹ ወረቀቱን ሐሙስ ሊያስገባ ነበር። ብሎን ለመነው። ቀያሹ «ዝምድናችን ሜትሩን አያሳጥረውም» አለው። ብሎን የጎማ መፍቻ አነሳ።

«የሞተ መስሎኝ ነበር። ወደ ገደሉ ስወስደው ጭቃ ያዘኝ። ረገጥኩት፣ ረገጥኩት... መብራቱ በራና ማርሹ እምቢ አለኝ። ስመለስ ከኋላ አቃሰተ። ከዚያ ልጨርሰውም አቃተኝ፣ ልለቀውም ፈራሁ። ትኬቱን በስሙ ቆርጬ መኪናውን መናኸሪያ ጣልኩት።»

«መብራቱን ለምን አጠፋኸው?» ኢንስፔክተሩ ከልቡ ገርሞት ነበር የጠየቀው። «ብትተወው ማን ያውቅብህ ነበር?»

ብሎን ጥያቄው እንግዳ ሆነበት። «መብራት እየበራ መኪና ከጋራዤ ወጥቶ አያውቅም።»

አሰልጣኟ ከባሏ ራስ አጠገብ ተነሥታ ፊቱ ቆመች።

«ዛሬ ማታ ቁልፉን ብሰጥህስ ኖሮ?»

ጎንበስ አለ። ግራሶ የነካው ጫማውን፣ ዘይት የጠጣውን ሲሚንቶ አየ።

ፖሊሶቹ ወሰዱት። አምቡላንሱ ባሏን ጫነ፤ እጁን እንደያዘች አብራው ገባች። በሩ ሳይዘጋ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናቸው።

«ልጄ፣ ምን ተሰማ?»

«ተገኘ እማዬ። በሕይወት ተገኘ።»

«ተመስገን! ተመስገን!» እናትየው ሳግ ያዛቸው። «በይ ቶሎ ለወንድምሽ ደውዪለት። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም፤ ምግብም አልበላ። አንቺን አላስጨንቅም ብሎ ነው እንጂ፣ አንጀቱ እኮ ነው የተቃጠለው።»

«ያውቃል እማዬ» አለች። «አሁን ከዚህ ነው የሄደው።»