ሁለቱ ሰማዕታት

«አገልጋይዋ ኩባያውን አስቀምጣ ትውጣ፤ ከዚያ በኋላ አትመለስም» አለች የድራማ አስተማሪዋ።

ቀጮ ጆሮዋን ማመን አቃታት። እሷ እመቤቲቱን፣ ጓደኛዋ ሳቂታ ደግሞ አገልጋይዋን ነው የሚጫወቱት። ሁለቱ ሴቶች በጥንት ዘመን እምነታችሁን ካዱ ሲባሉ አሻፈረኝ ብለው፣ በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ ለአውሬ የተሰጡ ሰማዕታት ናቸው። አውሬው ሲጥላቸው እመቤቲቱ ተነስታ መጀመሪያ ያደረገችው አገልጋይዋን ደግፎ ማንሳት ነበር። ቀጮ ታሪኩን የወደደችው እዚህች ላይ ነው።

ለምን ትወጣለች ብላ ጠየቀች። አስተማሪዋ ሰዓት እንደማይበቃ፣ ወላጆችም የሚመጡት እመቤቲቱን ለማየት እንደሆነ ነገረቻት።

«ቲቸር፣ እሷም እኮ ሞታለች።»

«ታሪኩ የእመቤቲቱ ነው። አታድርቂኝ።»

ሳቂታ ኩባያውን አንስታ ልምምዷን ቀጠለች። እናቷ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ከአስተማሪ ጋር መካረር ለማን እንደሚተርፍ ታውቃለች። ውጭ ሲወጡ ቀጮ ደሟ ፈልቶ ስትንጨረጨር፣ እሷ ትከሻዋን ሰበቀች።

«ተይው ባክሽ፣ ለምጄዋለሁ።»

ቀጮን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይህ «ለምጄዋለሁ» ነው። ማታ እራት አልወርድ አላት። አባቷ ድራማ እኮ ነው ብሎ ሊያባብላት ቢሞክር ጭራሽ ባሰባት። ሞት ያልለያያቸውን ሰዎች ሰዓት አጠረ ብሎ መለያየት ምን የሚሉት ድራማ ነው ስትል ሞገተችው።

በዝግጅቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሳቂታ ኩባያውን አስቀምጣ ወጣች። ዳኛ የሆነው ልጅ ሊወድቅ የደረሰ አርቴፊሻል ጢሙን በእጁ ደግፎ፣ እመቤቲቱን እምነቷን ትክድ እንደሆነ ጠየቃት፤ አሻፈረኝ ስትለው ከእሷ ጋር ሌላ ማን እንዳለ ጠየቀ። ቀጮ የሸመደደችው መልስ «ማንም የለም» የሚል ነበር።

«እህቴ አለች» አለች።

አስተማሪዋ ከመድረኩ ጥግ በጣቷ አስጠነቀቀቻት። ዳኛው ግራ ገብቶት ወደ አስተማሪዋ ዞሮ አየ። ቀጮ እጇን ወደ መጋረጃው ዘረጋች። በመጋረጃው ሥር የሳቂታ ጫማ ይታያል፤ አይንቀሳቀስም። ሄዳ ልትጎትታት አልፈለገችም። ክንዷ እስኪዝል ጠበቀች።

ሳቂታ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። የተዘረጋውን እጅ አልያዘችም፤ አልፋው ሄዳ ዳኛው ፊት ቆመች።

«እኔንም ጠይቀኝ» አለችው።