ዘጠና ስድስት ቀይ ሴሎች

የባዮሎጂ መምህሩ አቶ ታረቀኝ፣ አሶሳ ከተማ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸውን የሲሚንቶው ጠረጴዛ ጠርዝ መትቷቸዋል። ያገኛቸው የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ጀዕፈር ነበር፤ በማግሥቱ የታሰረውም እሱው ሆነ። ኢንስፔክተር ሳሌም የገዛ ልጆቹ እያዩ ካቴና አስገባችለት።

ምክንያት ነበራት። ሟቹ ለሳይንስ ቀን በሰው አካል ውስጥ ስንት ሴል እንዳለ ለመገመት ይደክሙ ነበር። በማይክሮስኮፕ የተነሱ፣ በካሬ መስመር የታጠሩ ስድስት የደም ፎቶዎች ደብተር ላይ ለጥፈው፣ በየሥሩ የቀይ ሴሎቹን ብዛትና የቆጠሩበትን ሰዓት ይጽፉ ነበር። ስድስተኛው ሥር «96፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ» ይላል። መምህራኑ ግን ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ግቢው ውስጥ የቀረው ጀዕፈር ብቻ ነው።

ሌላው የባዮሎጂ መምህር ኪዳኔም ይህንኑ አጸና። «ስምንት ሰዓት ላይ ሳያቸው ደህና ነበሩ፤ ከዚያ ወደ ስብሰባው ገባሁ፤ ዳግመኛ አላየኋቸውም» አለ።

ሳሌም ግን ልቧ አላረፈም። ደብተሩን ይዛ፣ ሟቹን በስሌት ትረዳ ወደነበረችው የሒሳብ መምህርት ውድነሽ ዘንድ ሄደች።

«ይህን ሁሉ ሴል ማን ቆጥሮ ይዘልቀዋል?»

«ማንም። ከሴሎቻችን አብዛኞቹ የደም ቀይ ሴሎች ናቸው። አንዲት ትንሽ ካሬ በታማኝነት ይቆጥሩና በሰውየው የደም መጠን ያባዛሉ። የቀረው አካል ለብቻው ተገምቶ ይደመራል። ሠላሳ ምናምን ትሪሊዮን ይመጣል።»

«ካሬዋ ላይ ቢሳሳቱስ?»

«ስህተቱም አብሮ ይባዛላ!»

ሁለቱ ሴቶች ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እንደገና ቆጠሩ። አምስቱ ልክ ናቸው። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ሳሌም ሁለቴ ቆጠረች።

በማግሥቱ ጠዋት ውድነሽን፣ ጀዕፈርንና ኪዳኔን ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቁጥር ያልተጻፈበትን የስድስተኛውን ፎቶ ቅጂ እያደለች፣ «ቀይ ሴሎቹን ቁጠሩልኝ» አለች። ውድነሽ ሰማንያ አንድ ጻፈች። ጀዕፈር ካቴና በገባበት እጁ ሰማንያ አንድ ጻፈ። ኪዳኔ ዘጠና ስድስት።

«አቶ ጀዕፈር፣ እንዴት ቆጠርክ?»

«መስመር ላይ የወደቀ፣ ከላይና ከግራ ይቆጠራል። ከታችና ከቀኝ ይቀራል፤ እሱ የጎረቤት ካሬ ነው። ሁለቴ እንዳይቆጠር። ኡስታዝ ታረቀኝ አስተማረኝ።» በጀዕፈር አማርኛ መምህር ሁሉ ኡስታዝ ነው፤ ሴትም ወንድም «አንተ» ነው።

«መምህር ታረቀኝ ይህን ሕግ በአምስቱ ፎቶዎች ሁሉ ጠብቀዋል» አለች ሳሌም። «ስድስተኛው ላይ ግን መስመር የነካው ሁሉ ተቆጥሯል። ስለዚህ የቆጠሩት እሳቸው አይደሉም። ሌላ ሰው ነው፣ ሕጉን የማያውቅ ሰው። ለምን ቆጠረ? ሟቹ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ በሕይወት ነበሩ ለማሰኘት። ያ ሰዓት የሚጠቅመው ደግሞ ስብሰባ ላይ የታየን ሰው ነው። ጀዕፈርንማ አሳሰረው።»

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ፣ ኪዳኔ ሊሸፍን የጻፈው ቁጥር ራሱን ገለጠው። ፊቱ ቀላ፤ ቀና ብሎ ማንንም ማየት አቃተው።

«ኮሌጅ ስንማር ማይክሮስኮፑ አንድ ነበር፣ እኛ ሁለት መቶ። እጄ ሳይነካው ተመረቅሁ» አለ። «አሥራ ሁለት ዓመት አስተማርኩ፣ አላውቅም ማለት አፈርኩ። ጋሼ ታረቀኝ በሳይንስ ቀን ተማሪ ፊት ትቆጥራለህ አሉኝ። እስቲ ሞክር ብለው እዚሁ አስቀመጡኝ። አቃተኝ። ሳቁብኝ… ገፋኋቸው።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ስምንት ተኩል።»

«አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ከወደቁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይተዋል ብሏል። አንተ ስትቆጥር ይተነፍሱ ነበር።»

«ሲያቃስቱ ሰምቻለሁ» አለ ኪዳኔ በሹክሹክታ። «ሰው ብጠራ ለምን ተጣላችሁ ይሉኛል። ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

ውድነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ፖሊሶች ኪዳኔን ይዘውት ወጡ።

ሳሌም ካቴናውን ከጀዕፈር እጅ ፈታች። አንድ ቁጥር በማመኗ የሰው አባት ልጆቹ ፊት አዋርዳለች።

«አቶ ጀዕፈር፣ በሠራሁት አፍሬያለሁ። አላወቅሁም ነበር።»

ጀዕፈር የቆሰለ አንጓውን እያሻሸ ትኩር ብሎ አያት።

«አንተ አሁን አላወቅሁም አልክ» አላት። «እሱም እንዲህ ቢል ኖሮ ኡስታዝ አይሞትም ነበር።»