ያልታዩት ስምንት ሳምንታት

ፈንታን አልጋው ላይ ሞቶ ያገኘችው ሚስቱ ቦሰና ናት፤ ለፖሊስ የደወለው ግን ጉበቱን ያክመው የነበረው ሐኪም ነው። ለዓመታት ጉበቱ ውስጥ የኖረውን ቫይረስ መድኃኒቱ አደብ አስገዝቶት ሳለ፣ ሰውዬው በሠላሳ ስምንት ዓመቱ እንዴት ይሞታል? የሦስት ወር መድኃኒቱ የተቀመጠበት ብልቃጥ ሲመረመር፣ ውስጡ የሞላው መልኩን የመሰለ የቫይታሚን እንክብል ሆኖ ተገኘ። ጊዜው ሜይ 2006 ነበር።

መርማሪ ሙሉሸዋ፣ እስራኤል ውስጥ አፉላ ኢሊት ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ስትወጣ አለቃዋ ቁርጡን ነግሯታል። እስከ ነገ ቀትር ሌላ ሰው ካላመጣች ቦሰና ትታሰራለች። መድኃኒቱን በየጠዋቱ በእጇ የምትሰጠው እሷ ነበረች።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ ሰፊ ወረቀት ተለጥፏል። ፈንታ የሒሳብ ሊቅ ነበር፤ ቫይረስ በደም ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚራባና መድኃኒት በምን ፍጥነት እንደሚቀንሰው በቀመር ያሰላል። የገዛ ደሙንም በየሳምንቱ እያስመረመረ ውጤቱን እዚህ ላይ ያሰፍር ነበር። መስመሩ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ወርዶ ይጠፋል፤ ስምንት ሳምንት አይታይም፤ በአፕሪል፣ በፔሳህ በዓል ዋዜማ ብቅ ብሎ ያሻቅባል። ፈንታ ቫይረሱ መድኃኒቱን ለመደው ብሎ አምኖ፣ ሌላ እንዲታዘዝለት እየጠበቀ ነበር።

«በፔሳህ ጊዜ ቤት ውስጥ ማን ነበር?» ስትል ሙሉሸዋ ቦሰናን ጠየቀቻት።

«እኔና እሱ። ያች ተማሪውም አትጠፋም፣ ሊላክ። መጀመሪያ ወደዚህ ቤት ለፔሳህ ነው የመጣች፤ ሳትውል ሳታድር ወንበሬን ወረሰችው።»

«ቀናሽ?»

«ቀናሁ። ከእሷ ጋር ከማየው ቀብሬው ባለቅስ ይሻለኛል ብዬ ለጎረቤት ሁሉ ተናግሬአለሁ። ምን ልደብቅሽ፣ እህቴ?»

ሙሉሸዋ ይህን ባትሰማ በወደደች። ሴትዮዋ በገዛ አፏ ገመድ እየፈተለች ነው።

ዶክተር አሞስ ረጋ ያለ ሰው ነው። ከፈንታ ጋር በ1991 ከኢትዮጵያ በአንድ አውሮፕላን መጥተው፣ በዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ክፍል አብረው ሠርተዋል።

«እኔ ማርች ላይ፣ በፑሪም በዓል ማግስት ጀርመን ሄጄ የተመለስኩት ከፔሳህ በኋላ ነው» አለ። «ወረቀቱን አንብቢው። ቫይረሱ ዜሮ ነበር፤ በፔሳህ ተነሣ። መድኃኒቱ የተለወጠው ያኔ ነው።»

ሙሉሸዋ በትምህርት ቤት የሒሳብ ክፍለ ጊዜን በመስኮት ስታይ ያሳለፈች ናት፤ ስለዚህ የማታውቀውን መጠየቅ አታፍርም። ሊላክን በረንዳ ላይ አገኘቻት።

«በኤሜት፣ እውነቴን ነው፣ እሱ ለኔ እንደ አባ ነበር» አለች ልጅቷ ሳትጠየቅ። «ሁሌ የሚያወራ ስለ ሚስቱ ነው።»

«ይሁን። ይኼ የማይታየው ስምንት ሳምንት ምንድን ነው? ቫይረሱ የለም ማለት ነው?»

«ሎ፣ አይደለም። መመርመሪያ መሣሪያው በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከሁለት መቶ በታች አያይም እንጂ ቫይረሱ አለ። ዶክተር አሞስ በመጀመሪያው ቀን ያስተማረን ይኼንን ነው። ዜሮ ብሎ የጻፈ ተማሪ ይወድቃል።»

በማግስቱ ጠዋት ቦሰና፣ አሞስና ሊላክ ሳሎን ተቀመጡ። ሙሉሸዋ ማስመሪያ ይዛ ወረቀቱ ፊት ቆመች።

«ሲወርድ የነበረውን መስመር በነበረበት ፍጥነት ወደ ታች እቀጥለዋለሁ። የወጣውንም እንዲሁ ወደ ኋላ እቀጥለዋለሁ። ሊላክ፣ ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ።»

ሁለቱ መስመሮች መሣሪያው ከማያየው ስፍራ ተገናኙ። ሙሉሸዋ ጣቷን አኖረችበት።

«መድኃኒቱ የተቋረጠው እዚህ ነው። ቫይረሱ ከመታየቱ አራት ሳምንት በፊት፣ በፑሪም። ቦሰና፣ በፑሪም የት ነበርሽ?»

«ናታንያ። ወንድሜ ሞቶ ለሺቫ፣ ለሰባቱ ቀን ለቅሶ ተቀምጬ።»

«ሰባት ቀን ሙሉ፣ እህቶችሽ መስክረዋል። ሊላክ ያኔ ገና ወደዚህ ቤት መምጣት አልጀመረችም። ፈንታ ብቻውን እንዳይሆን እዚህ ያደረው ማን ነው?»

ቦሰና ቀስ ብላ ወደ አሞስ ዞረች።

«ዜሮ ያለን ተማሪ የምትጥል ሰው፣ ለእኔ ዜሮ ነበር አልከኝ» አለች ሙሉሸዋ። «ሌላ ሰው ቢለኝ ስህተት ነው። አንተ ግን መሣሪያው መቼ እንደሚያየው አስልተህ፣ ያኔ ጀርመን ተገኘህ።»

አሞስ ወረቀቱን ብዙ አየው።

«ቀመሩን አብረን ነው የጻፍነው» አለ በመጨረሻ። «ሰው ሁሉ የፈንታ ቀመር ይለዋል። ቦሰናንም ቀድሜ ያየኋት እኔ ነበርኩ። አሥራ አምስት ዓመት እንኳን ደስ ያለህ ስለው ኖርኩ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ሊላክም ተከተለች። ሙሉሸዋ ከቦሰና ጎን ተቀመጠች።

«አለቀ። ማንም አይነካሽም።»

ቦሰና ምንም እፎይታ አልታየባትም።

«በመጨረሻው ሳምንት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ደከመኝ፣ ሐኪም ቤት ውሰጅኝ ብሎኝ ነበር» አለች። «ያች ተማሪህ ትውሰድህ አልኩት።»