ከግድግዳው ወዲያ የማይሰማ ዘፈን

ኢኖኬ ከኦክላንድ ወደ ቶንጋ የመጣው የአጎቱን ቤት ጣሪያ ሊሠራ ነበር። ጣሪያው ካለቀ ቆይቷል፤ እሱ ግን አልሄደም። አጎቱ ሲጠይቁት ሚስማር፣ ዝገት፣ እርጥበት እያለ ይቀባጥራል። የሰፈሩ ሰው ግን ምክንያቱ ባሕሩ ዳርቻ ያለው ዳቦ ቤት ውስጥ ቆማ ዳቦ እንደምትሸጥ ያውቃል።

ሲሲሊያ ትባላለች። ቁጥብ ናት፤ ፈገግ ያለች ቀን ግን ደንበኛው መልሱን ረስቶ ይወጣል። ወንድሟ ፌሌቲ እዚያው ዳቦ ቤት፣ ከስስ የጣውላ ግድግዳ ጀርባ ምድጃው ላይ ይሠራል። አንባቢ ይህን ግድግዳ ልብ ይበልልኝ፤ ኢኖኬ ልብ አላለውምና።

በባሕር ሥር የተዘረጋው የኢንተርኔት ገመድ አገራችን ከደረሰ ብዙም አልቆየም ነበር። ኢኖኬ አንድ ጠዋት አሮጌ ታብሌቱንና ትንሽ ስፒከር ይዞ መጣና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት።

«የራስሽ ሬዲዮ ጣቢያ ነው» አላት። «አንድ ዘፈን ትሰጪዋለሽ፤ የዘፈኑን ዘመዶች እየፈለገ ያመጣልሻል። ከወደድሽው ወደ ላይ የቆመችውን አውራ ጣት ንኪ፤ ካልወደድሽው ወደ ታች የተደፋችውን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እያደር ያውቅሻል።»

«ከሰው ሁሉ ቀድሞ?» አለችና ፈገግታዋን ለመደበቅ ዳቦ ወደ መደርደር ዞረች።

መጀመሪያ የሰጠችው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነበር። ጣቢያው ሌሎች መዘምራንን አመጣ፣ ከዚያ የጊታር ጨዋታ ጨመረ። ጣቢያውን የሚከፍቱት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እሷ ከባንኮኒው፣ እሱ በስልኩ ከአጎቱ ቤት። እሷ የወደደችው ለእሱ ይመጣለታል፣ እሱ የመረጠው ለእሷ። ሲገናኙ ስለ ዝናብና ስለ ዳቦ ነው የሚያወሩት፤ ሌላው ጨዋታ በጣቢያው በኩል ያልፋል። አንድ ቀን እሱ የመረጠው ለስላሳ የጊታር ዜማ ላይ የእሷ አውራ ጣት ቆማ ቢያገኛት ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ።

ሰውየው ግን በዚህ አልረካም። ቶንግኛው ኦክላንድ ያደገ ልጅ ቶንግኛ ስለሆነ ልቡን ሲናገርበት ይንተባተባል። እናም ዘፈን ይናገርልኝ ብሎ፣ አንድ ጎረምሳ የልጅቱን የአበባ ጉንጉን የሚለምንበት የድሮ የፍቅር ዘፈን ለጣቢያው ሰጠው።

ዘፈኑ የመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እሑድ ከተማው በሙሉ ይዘጋል፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚከፈተው ዳቦ ቤት ብቻ ስለሆነ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። ኢኖኬም መሀል ቆሟል። ዘፋኙ ገና «ጉንጉንሽን» ከማለቱ ሲሲሊያ የያዘችውን ዳቦ ጥላ፣ ሊጥ በነካው ጣቷ የተደፋችውን አውራ ጣት ተጫነች። ዘፈኑ ተቆረጠ። ከጀርባ ወደ ጓሮ ሊወጣ የተነሣው ፌሌቲ ወደ ምድጃው ተመለሰ።

ኢኖኬ ተራው ሲደርስ «አልወደድሽውም?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እዚህ አይሆንም።»

«ለምን?»

«ምን ማለትህ ነው ለምን?» አለችና ዳቦውን ሰጠችው።

በእኛ ዘንድ ወንድምና እህት አንድ ላይ ሆነው የፍቅር ዘፈን አይሰሙም። ወይ አንዱ ይወጣል፣ ወይ ዘፈኑ ይጠፋል። ሕፃን ስለሚያውቀው ለማንም አናስረዳውም። ሲሲሊያም ኢኖኬ እያወቀ በወንድሟ ፊት ያሳፈራት መሰላት። እሱ ደግሞ ያለ እህት ያደገ አንድ ልጅ ነው፤ ሰው ሁሉ እያየ እምቢ የተባለ መሰለው። ጎበዝ ነኝ ብሎ ሌላ የፍቅር ዘፈን ሰጠ፤ ተደፋበት። ሌላም ሰጠ፤ ያም ተደፋ። በመጨረሻ ቅዳሜ የሚነሣ አውሮፕላን ትኬት ቆርጦ ሊነግራት መጣ።

«መልካም መንገድ» አለችው። ዓይኑን አላየችውም።

እንደወጣ ዱቄት ከሚቀመጥበት ጥግ ገብታ አለቀሰች። ትወደው ነበር። ስስ ግድግዳ የሚያሳልፈው ዘፈን ብቻ አይደለምና፣ ፌሌቲ ሰማ። በማግስቱ ወደ ዳቦ ቤቱ ባለቤት ሄዶ ዳቦ የሚያከፋፍለውን መኪና ልንዳ አለ። እንደ እሱ ዳቦ የሚያበስል ስለሌለ ባለቤቱ ተናደዱ፤ ምክንያቱንም ጠየቁ። ፌሌቲ ግን የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ወጣ።

ቅዳሜ ያ መኪና ኢኖኬ ደጃፍ ቆመ። ፌሌቲ እኔም በኤርፖርቱ በኩል ነኝ፣ ግባ አለው። ሻንጣውን ከዳቦው አጠገብ ጭነው ተነሡ።

«ምድጃውን ተውኩት» አለ ፌሌቲ ድንገት። «አሁን ሱቅ ውስጥ የሚዘፈነውን አልሰማም።»

ኢኖኬ ግራ ገብቶት አየው።

«እህት የለህም አይደል?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው አይፈረድብህም። እህት ያለው ሰው እሷ ባለችበት የፍቅር ዘፈን አይሰማም። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳው ጀርባ ነበርኩ።» ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። «ሌላ የማውቀው የለም። እኔ ሹፌር ነኝ።»

ኢኖኬ ትኬቱን ከቆረጠ ወዲህ ያልነካውን ጣቢያ ከፈተ። የእሑዱ ዘፈን መጣ፤ አጠገቡ አውራ ጣቷ ወደ ላይ ቆማለች። የሚቀጥለውም የፍቅር ዘፈን ነበር፣ የሚቀጥለውም። ሲሲሊያ የደፋቻቸውን ሁሉ አንሥታቸዋለች። እህቱ አብራ የለችምና ፌሌቲ ከዘፈኑ ጋር አንጎራጎረ፤ ድምፁ ደስ ይላል።

ኤርፖርቱ ከሩቅ ሲታይ ፍጥነቱን ቀነሰ። «ልቀጥል ወይስ ልዙር?»

«ዙር» አለ ኢኖኬ።

ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ የፍቅር ዘፈኑ እስከ መንገዱ ይሰማል። ኢኖኬ ሻንጣውን ይዞ ገባ። ሲሲሊያ እሱን አየች፣ ከኋላው ደግሞ መኪናውን፣ መኪናው ውስጥ ወንድሟን። ደንግጣ እጇን ወደ ታብሌቱ ሰደደች።

ፌሌቲ የመኪናውን መስኮት እስከ ላይ ዘጋ፣ ፊቱንም ወደ ባሕሩ አዞረ። እጇ ታብሌቱ ጋ ሳይደርስ ቆመ፤ ከዚያ ኢኖኬ ያዘው። ቀትር ነበር፤ መኪናው ውስጥ ሙቀቱ ያፍናል፣ ከኋላ የተጫነው ትኩስ ዳቦም ብሶበታል። ፌሌቲ ላብ በላብ ሆኖ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቀ። ሌላ ዘፈን ቀጠለ፤ እሱንም ጠበቀ።