ነፋሷን ያሰረው ገመድ

በሶራን መንግሥት የክረምቱ ነፋስ ስም ነበራት፤ ሐውዛ ትባላለች። በመግቢያዋ ቀን የደብረ ካስማ ከተማ ሕዝብ ነጭ ለብሶ በየሰገነቱ ይወጣል፤ እርሷም ከምዕራብ ተራሮች ጀርባ እያንጎዳጎደች ትመጣለች። በዚያ ዓመት ግን ደመናዋ ተራሮቹ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደ ታመመ ከብት አንገቱን ደፍቶ ለረጅም ሰዓት አቃሰተ። ከዚያም ዘነበ፤ የዘነበው ግን ውሃ አልነበረም። ደረቅ የዓሣ ቅርፊት ነበር። እንደ ብር እያብለጨለጨ በነጩ ልብስና በባዶዎቹ እንስራዎች ላይ ሲወርድ፣ እልልታው በሴቶቹ አፍ ውስጥ ደረቀ።

በሶራን ዝናብ አይለመንም ነበር። የመንግሥቱ መሥራች ሐውዛን እንደ በቅሎ አንገቷን አስሯታል። ስለት የማይቆርጠው፣ የጧት ጉም የመሰለው ገመድ ከአንገቷ ተነሥቶ በረሃውንና ተራራውን ያቋርጥና በከተማዋ አደባባይ በተተከለው የነሐስ ካስማ ላይ ይጠመጠማል። ጫፉ በገመድ ያዡ የእጅ አንጓ ላይ ይታሰራል። ገመድ ያዡ የነፋሷ ቁራኛ ነው፤ እርሷ ብታመልጥ አብሯት ይሄዳል። ዝናብ በዘገየ ቁጥር በካስማው ላይ አንድ ዙር ይጨመራል፤ ነፋሷን ያቀርባታል ተብሎ ነው። ከአባት ወደ ልጅ፣ ዙር በዙር ላይ ሲደረብ፣ ካስማው ከዋርካ ግንድ በላይ ወፍሮ ነበር።

በዚያ ዓመት ገመድ ያዡ ጌራም ዙሩን አልጨምርም አለ።

ንጉሥ ቀስጦን በአደባባይ አስቆመው። «ሕዝቤ ሲጠማ እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥህ። ምክንያትህን ተናገር!»

«ጃንሆይ፣ በጠመጠምሁ ቁጥር ገመዱ በእጄ ላይ ይከሳል» አለ ጌራም። «በአባቴ ዘመን ሰው የሚጥል ጉልበት ነበረው። ዛሬ እንደ ክር ይንቀጠቀጣል። ያሰርናት ነፋስ እየሞተች ይመስለኛል።»

«ይመስልሃል?»

«ማስረጃ የለኝም፣ ጃንሆይ።»

«እንግዲያው ፍርዴን ስማ! በካስማው ሥር ታስረህ ትቆያለህ። ክረምቱ ሳይወጣ በዚህ አደባባይ ዝናብ ካልወረደ አንገትህ ይቀላል። ሐውዛን የሰረቀው የኦርዳ አገር ሕዝብም የእጁን ያገኛል!»

ከመኳንንቱ ጀርባ አንድ ሰው ሳቀ። የኦርዳ መልእክተኛ፣ ጀልባ ቀዛፊው ሉቃን ነበር። «እኛ ሰረቅን? ጃንሆይ፣ እኔ የመጣሁት እርዳታ ልለምን ነው። በአገሬ ዝናቡ አላባራ ብሎ ላሞቻችን ጣሪያ ላይ ነው የሚያድሩት። የእናንተን ዝናብ ምን ልናደርግበት? ልንዋኝበት?»

ማንም አልሳቀለትም። የጌራም አንድያ ልጅ አልዛ ግን ሕዝቡን በክርኗ እየገፋች ወደ ዙፋኑ ወጣች።

«ጃንሆይ፣ ገመዱን ተከትዬ እሄዳለሁ። ሐውዛን በልጓም ይዤ በዚህ አደባባይ አቆማታለሁ። ይህን ባላደርግ አገር አይኑረኝ፤ ስሜ በሶራን አይጠራ፤ ስሞትም አፈር አይቀበለኝ!»

«ልጄ» አለ አባቷ ቀስ ብሎ፣ «መሐላው ትንሽ አልበዛም?»

«አንተ ዝም በል፣ አባዬ። ራስህን መከላከል ሲገባህ ‹ይመስለኛል› ያልከው አንተ ነህ።»

ንጉሡ ከግምጃ ቤት የነሐስ ልጓም አስመጥቶ ሰጣት። ሉቃንንም እየጠቆመ «ይህ የሚስቀው አብሮሽ ይሂድ፤ ሌቦቹን ካገኘሽ ቋንቋቸውን ያውቃል» አለ።

በሽመሎ ተጓዙ። ሽመሎ አንገቷ የግመል፣ ገላዋ የሰጎን የሆነች እንስሳ ናት፤ እየተራመደች ትተኛለች፤ የተቀመጠባትም አብሯት ይተኛል። ስለዚህ አልዛ መንገዱን በግማሽ ያየችው በሕልም ነው። ተራሮቹ በአጠገቧ ሲያልፉ ቆመው የሚጠብቋት የሚያውቋት ሰዎች ይመስሏት ነበር። ስትነቃ ገመዱ ከራሷ በላይ ተወጥሮ፣ በጣም ቀጭን ዜማ እያሰማ ወደ ምዕራብ ይነጉዳል። ሕልሙና ዜማው እየተደባለቁባት ተናደደች።

«ይቺ እንስሳ መሮጥ አታውቅም?»

«አንዴ ሮጣ ታውቃለች አሉ» አለ ሉቃን ዓይኑን ሳይገልጥ። «ወደ ኋላ ነው።»

ከተራሮቹ ማዶ የተኛው ባሕር የሚባለው በረሃ ተዘረጋ። ነጭ ነው፤ ማዶው አይታይም። ሽመሎዋ ስትረግጠው ኮሽ ኮሽ ይላል። አልዛ ወርዳ አፈሩን ዘገነች፤ በመዳፏ ላይ የቀረው የዓሣ ቅርፊት ነበር፣ ያ በከተማዋ ላይ የወረደው ዓይነት። ትንሽ ራቅ ብሎ ጀልባዎች በአሸዋው ውስጥ ተጋድመዋል፤ መቅዘፊያዎቻቸው አሁንም በየቦታቸው ናቸው። ሉቃን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልዱን ትቶ አንዱን ጀልባ በእጁ ዳሰሰው።

«እዚህ ሰው ቀዝፏል» አለ።

በረሃውን ወደ ሰነጠቀው ገደል ሲወርዱ ግድግዳው ዥንጉርጉር ነበር። ጥቁር ጭቃ፣ በላዩ ነጭ አሸዋ፣ እንደገና ጥቁር ጭቃ፣ እንደገና አሸዋ፤ እንደ ጥለት እየተደራረበ ከእግራቸው ሥር እስከ ሰማይ ይደርሳል። አልዛ ጣቷን ከታች ወደ ላይ አሳለፈችበት። ውሃ፣ ድርቅ፣ ውሃ፣ ድርቅ። በሶራን ትምህርት ቤቶች ዝናብ ከዓለም መጀመሪያ ጀምሮ የሶራን ነው ተብላ ነበር የተማረችው። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ስትሸመድድ እንደኖረች አሰበችና በጣም ተበሳጨች።

ገመዱ ከገደሉ ማዶ ባለው አፋፍ ላይ አለቀ። ሐውዛ እዚያ ተጋድማለች። ገላዋ ጉም ነው፤ ሸለቆ የሚሞላ ትልቅ ጉም፤ ነገር ግን የጎድን አጥንቶቿ ይቆጠራሉ። የገመዱ ማነቆ አንገቷ ውስጥ ሰርጎ ገብቷል። ዓይኖቿን ስትገልጥ ሁለት ግራጫ ኩሬዎች ሆኑ፤ አልዛም ራሷን በሁለቱም ውስጥ ልጓም እንደያዘች አየች።

«ማን ሰረቀሽ?» ብላ ጠየቀች።

«ማንም» አለች ሐውዛ። ድምፅዋ ከሩቅ የሚሰማ ዝናብ ይመስላል። «ምድር በኮርቻ ላይ እንደተኛ ጋላቢ በዝግታ ትወዛወዛለች። ፀሐይም አንድ ዘመን ወደዚህ፣ አንድ ዘመን ወደዚያ ታዘነብላለች። እኔና እህቶቼ ወዳዘነበለችበት እንሄዳለን። የአያቶችሽ አገር ግጦሼ የነበረበት ዘመን ነበር፤ ያ ዘመን አለፈ። አሁን ተራው የዚህ የተኛ ባሕር ነው። ልሄድ ስል አሰራችሁኝ፤ ስደክም አጠበቃችሁብኝ። እዪ!»

አልዛ በተኛው ባሕር ላይ አሻግራ አየች። ከአድማስ እስከ አድማስ ሌሎቹ ነፋሶች፣ የየአገሩ ክረምቶች፣ በሰልፍ ቆመው ነበር፤ ከፊት ያለችው ስለታሰረች መሄድ አልቻሉም። አንዷ ደርቃ ታስላለች። አንዷ ባለችበት ቆማ ውሃዋን ታፈሳለች፤ ከበታቿ ጣሪያዎች ይታያሉ፤ ጣሪያዎቹ ላይ ላሞች አሉ።

«የኛ ቤት» አለ ሉቃን።

«ካልፈታሁሽስ?» አለች አልዛ።

«ሌላ ክረምት የለኝም። ያን ልጓም አግብተሽ ብትጎትችኝ ግን አደባባያችሁ ላይ ለአንድ ቀን እዘንባለሁ። አባትሽም ከሰይፍ ይድናል። እኔ እዚያው እሞታለሁ።»

«ብፈታሽ ቁራኛሽ ምን ይሆናል?»

ሐውዛ ዓይኖቿን ወደ ገመዱ አዞረች። ሉቃን መሬት መሬቱን አየ። አገሩን ከውሃ የሚያወጣው የሐውዛ መፈታት ነበር፤ ቢሆንም «ፍቺ» አላላትም።

አልዛ አፏን ከገመዱ አስጠግታ ተጣራች። «አባዬ! ትሰማኛለህ?»

ገመዱ ረጅም ጊዜ ዜማውን ብቻ አሰማ። ከዚያ የጌራም ድምፅ በጉሙ ክር ውስጥ መጣ። «በአንጓዬ እየሰማሁሽ ነው። ቀስ በይ፤ ጠባቂው ምሳውን በልቶ ተኝቷል።»

«አገኘኋት። ልክ ነበርክ። እየሞተች ነው።»

«ልክ ነበርኩ?» ደስታውን መደበቅ አልቻለም። «ለንጉሡ ንገሪልኝ።»

«አባዬ!»

«እሺ፣ እሺ።»

ሁሉን ነገረችው፤ የገደሉን ጥለት፣ የነፋሶቹን ሰልፍ፣ ልጓሙን። ሲሰማ ቆይቶ «እኔ እንድወስን ነው የፈለግሽው?» አለ።

«አዎ።»

«አልወስንልሽም። ብወስን ‹አባቴ ነው ያዘዘኝ› እያልሽ ትኖሪያለሽ፤ አንቺ ደግሞ ሰው ሲያዝሽ አትወጂም።» ካስማውን ተደገፈ። መደገፉም በገመዱ ውስጥ ተሰማት። «አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ የሙያ ነገር ነው። ቋጠሮ ስትፈቺ ከላይኛው ጀምሪ። ከታች የጀመርሽ እንደሆነ ይብሱን ይጠብቃል፤ ጣትሽንም ይቆርጥሻል።»

«ያማል?»

«ላንቺ ነው ለኔ?»

«ላንተ።»

«እኔ እንጃ። ከዚህ በፊት በርሬ አላውቅም።»

አልዛ ልጓሙን መሬት ላይ አስቀመጠች። እጇን በነፋሷ አንገት ጉም ውስጥ አስገብታ ላይኛውን ቋጠሮ ያዘች። ጣቶቿ ደሙ፤ ሉቃን ሊያግዛት እጁን ቢሰድም ጉሙ ለእርሱ አልጨበጥ አለው። ቋጠሮው ለቀቀ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። የመጨረሻው እጇ ላይ ሲደርስ አባቷ በገመዱ ውስጥ ሲተነፍስ ሰማች፤ ረጋ ያለ፣ ሥራ ሊጀምር የተዘጋጀ ሰው አተነፋፈስ ነበር።

ፈታችው።

ሐውዛ ተነሣች። ሰማዩ አብሯት ተነሣ። በባሕሩ ላይ የቆሙት እህቶቿ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሌላ እርምጃ ሄዱ፤ ከኦርዳ በላይ ለረጅም ጊዜ ያልታየ ሰማያዊ ቀዳዳ ተከፈተ። ሉቃን ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ገመዱ ከተራሮቹ ማዶ እየተምዘገዘገ በራሳቸው ላይ አለፈ፤ ከጫፉ ላይ ወፍ የምታክል ትንሽ ጥቁር ነገር ነበረች፤ ከፍ አለች፣ ደመናው ውስጥ ገባች፣ ጠፋች። በኋላ የከተማው ሰዎች እንደነገሯት፣ ጌራም ከካስማው ሥር ተነሥቶ፣ ልብሱን አራግፎ፣ ጠባቂውን «ዞር በልልኝ» ብሎት ነበር።

በደብረ ካስማ አደባባይ ዝናብ አልወረደም። ንጉሥ ቀስጦን ለፍርዱ አንገት አጣ፤ ጉድጓዶቹም ነጠፉ። በመጨረሻ ሕዝቡን አስከትሎ፣ ድንኳን አስጭኖ፣ በሽመሎ ላይ እየተኛ እየነቃ ወደ ተኛው ባሕር መጣ። አልዛን በዳርቻው አገኛት።

«መሐላሽን አፈረስሽ» አላት።

«አፍርሻለሁ፣ ጃንሆይ። ስሜን አይጥሩት።»

«ነፋሷ ወደ ደብረ ካስማ መቼ ትመለሳለች?»

«መመለሷን ትመለሳለች። እርስዎም እኔም ግን አንደርስባትም። እስከዚያ ሰው ነው እርሷን የሚከተላት።»

ንጉሡ የሚቀጣበትን መንገድ አሰበ፤ ግን ደክሞት ነበርና ድንኳኑ የት እንደሚተከል ጠየቃት። ከፍ ያለውን ቦታ አሳየችው። አንድ ሰው «ገመድ ያዢት» ብሎ ጠራት፤ የሚያዝ ገመድ እንደሌለ ነግራ አስቆመችው።

በሚቀጥለው ክረምት ሐውዛ ከተኛው ባሕር ማዶ መጣች። ወፍራ ነበር፤ ጥቁር፣ ሰፊ፣ ሰነፍ። ጥላዋ በነጩ ሜዳ ላይ ሲሳብ ሰዎቹ ከድንኳናቸው ወጡ፤ አንዲት አሮጊት ወደ አልዛ ተጠግታ ክንዷን ያዘች።

«አባትሽ ነው የመጣው፣ ልጄ። ፊትሽን ስጪው።»

አልዛ ፊቷን ቀና አደረገች። ብዙ ቆመች። ውሃው በግንባሯ፣ በአፏ፣ በአንገቷ ወረደ፤ ቀዝቃዛ ነበር፣ አፈር አፈር ይል ነበር። አባቷን አልመሰለም። ዝናብ ነበር።

ከዚያ ወደ አሮጊቷ ድንኳን ውሃ መግባት ጀምሮ ስለነበር አልዛ ዶማ ፈልጋ ዙሪያውን ቦይ መቆፈር ጀመረች።