የፍየሏ ፍሬን

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት ፖሊሶች ጋራዡ ውስጥ ሲገቡ ግራሶ መኪና ስር ተንጋሎ ያፏጭ ነበር። አንደኛው እግሩን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

«ፍየሏን የሠራሃት አንተ ነህ?»

«አዎ። ምን ሆነች?»

«ሰው ገደለች።»

ግራሶ ቀና ሲል ግንባሩ ከሻንሲው ጋር ተላተመ። ህመሙ ግን አልተሰማውም። ፍየሏ የሚሏትን መኪና ትናንት ይዟት የወጣው ሻለቃ ነበር።

ሻለቃ የወታደር ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ስሙ የወጣለት ማዘዝ ስለሚወድ ነው፤ ዝንብ ቢያገኝ እንኳ «ተሰለፍ!» የሚል ሰው ነበር። ሥራው እንግዶችን በረሃና ተራራ ወስዶ በድንኳን ማሳደር ነው። ግራሶ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መኪናዎቹን ሲፈታና ሲያስር የኖረ መካኒኩ ነው። ትናንት ሻለቃ ከተራራው ቁልቁለት ላይ ከነመኪናው ገደል ገባ። ሬሳውን ያወጡት ዛሬ ሲነጋ ነው።

እትዬ፣ የሻለቃ ሚስት፣ ከፖሊሶቹ ኋላ ደረሱ። ነጠላ ጫማቸው ግራና ቀኙ የተለያየ ነው።

«አሥራ አንድ ዓመት ከማዕዴ የበላህ!» አሉት። «ፍሬኑን አጥብቄያለሁ ብለህ ባሌን ገደል ሰደድከው!»

«እትዬ፣ በፈጠረኝ—»

«ስሙን እንዳትጠራ!»

አንዱ ፖሊስ ካቴናውን ከወገቡ ፈታ። ግራሶ ከመኪናው ስር ወጥቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እስር ቤቱ ብቻ አይደለም ያስፈራው። መካኒክ እጁ ሰው ገደለ ከተባለ፣ ቢፈታም ብስክሌት የሚያስጠግነው አያገኝም።

«ካቴናው ይቆይ» አለ ከበሩ አካባቢ የሴት ድምፅ።

መርማሪዋ ናት። ቁመቷ ከትልቅ መኪና ጎማ ብዙም አይበልጥም፤ ዓይኗ ግን ይወጋል። ግራሶ እዚያው በሆዱ «መርፌ» ብሎ ስም አወጣላት። ሰው ስም የሚያወጣ ምላሱ በፍርሃት ጊዜ እንኳ አርፎ አይቀመጥም።

«እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም» አለችው። «መኪና ያጥወለውለኛል። ስለዚህ እንደ ሕፃን አስረዳኝ። ትናንት ምን ልትሠሩ ነበር?»

«መኪና ልንመርጥ። የድሮዎቹ አርጅተዋል፤ ሻለቃ ለበረሃም ለተራራም የምትሆን አንድ መኪና ሊገዛ ነበር። ሁለት ቀርበዋል። ቪላ ያቻትና።»

በግቢው መሐል የቆመችው ቪላ ረጅም፣ ነጭ መኪና ናት። ውስጧ አልጋ፣ ምድጃና የእጅ መታጠቢያ አለ።

«እቺ ለበረሃ ነች። ውሃ ትሸከማለች፣ ጥላ አላት። ግን ከባድ ናት፤ ጠባብ መታጠፊያ ላይ እንደ ሰርግ ቤት ዳስ ትገተራለች። ፍየሏ ደግሞ አጭር፣ አሮጌ፣ አራቱም ጎማ የሚስብ። ድንጋይ ላይ ትወጣለች። ግን ውስጧ ሁለት ሰውና አንድ ድንኳን ከገባ ሦስተኛው ሰው ጭንቅላቱን ውጭ ይተዋል።»

«ማን የትኛዋን ይፈልግ ነበር?»

«ሻለቃ ፍየሏን። ወንድሙ ቪላን። ደላላው ቪላን፤ ሻጩ እሱ ነዋ!»

ትናንት ሻለቃ ፍየሏን ይዞ ወደ ተራራው ወጣ። ታናሽ ወንድሙ ቪላን ይዞ ወደ አሸዋው ሄደ። እትዬና ደላላው ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩበት ቦታ ላይ ድንኳን ተክለው ጠበቁ። ዘጠኝ ሰዓት ሊገናኙ ነበር ቀጠሮው። ቪላ መጣች፤ ፍየሏ ቀረች።

መርፌ መጀመሪያ ደላላውን ጠራችው። ደላላው ሐዘን ላይ እንኳ የሚሸጥ ሰው ነው።

«ትናንት ከድንኳኑ ርቀሃል?»

«ስልክ አልሠራ ብሎኝ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ዞር ዞር ብያለሁ። እመቤቴ፣ ሻለቃን ለምን እገድላለሁ? ሊገዛኝ ነበር እኮ!»

«ፍየሏን ነበር የሚፈልገው።»

«አላወቀማ! ቪላ ተራራም ትወጣለች። ከጀርባ በኩል ወደ ስልክ አንቴናው የሚወስደው መንገድ አናቱ ድረስ ሰፊ ነው፤ የጭነት መኪና ይወጣበታል።»

ግራሶ ሳያስበው ፈገግ አለ። «ይሄ ሰውዬ አህያም ቢሸጥ ትበራለች ነው የሚለው።»

መርፌ ግን አልሳቀችም። ወደ ቪላ ሄደች። የሻለቃ ወንድም የመኪናዋ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አሸዋ ከጫማው ያራግፋል። ኮምፓስ ይሉታል፤ በረሃ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ መንገድ ያገኛል ተብሎ የወጣለት ስም ነው።

«እግዜር ያጥናህ» አለችው። «ትናንት የት ነበርክ?»

«አሸዋው ላይ። ሌላ የት እሆናለሁ?» አለ አንገቱን ሳያቀና። «ጎማውን እያት፤ አሸዋ እንዳይውጣት አየሯን ቀንሻለሁ።»

ጎማዎቹ እውነትም ለስለስ ብለዋል። መርፌ በሩን ከፈተች። የበሩ ኪስ ውስጥ የታሸጉና ባዶ የውሃ ፕላስቲኮች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ በጥቁር ቀለም ቁጥር ተጽፏል።

«ይሄ ምንድነው?»

«የእትዬ ሥራ ነው» አለ ግራሶ። «በረሃ ለሚሄድ ሰው ጠዋት ውሃውን ቁጥር ጽፈው በተራ ይሰጣሉ፤ ስንት እንደቀረው እንዲያውቅ። ባዶውም አይጣልም። ክዳኑን ጥርቅም አድርገህ ትመልሰዋለህ። የበረሃ ሕግ ነው፤ ባዶ ዕቃ የጣለ ሰው ኋላ ውሃ ሲያገኝ የሚቀዳበት ያጣል።»

አንደኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ባዶ ናቸው። አራተኛው ተጋምሷል። ሦስተኛው ግን ማንቁርቱን የታነቀ ይመስል ጎንና ጎኑ ወደ ውስጥ ተጨማዷል።

«ይሄስ?»

«ተቀምጬበት ይሆናል» አለ ኮምፓስ። «እመቤት፣ ወንድሜ ሞቷል። አንቺ ቆሻሻ ትቆጥሪያለሽ?»

«ልክ ነህ» አለችና በሩን ዘጋች። እየሄደች ግን ለአንዱ ፖሊስ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችው፤ ፖሊሱም ቪላ አጠገብ ሄዶ ተገተረ።

እትዬን ያነጋገረቻቸው ዕቃ ክፍል ውስጥ ነው። ግራሶ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል፤ ሂድ ያለው የለማ።

«ባልዎ ሰሞኑን የተለየ ነገር ነበረው?»

«እንቅልፍ አጥቶ ነበር። 'ከሙከራው ስንመለስ አንድ ቤተሰብ ጋ ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ' አለኝ። 'የማን ቤተሰብ? ምን እውነት?' ብዬ ብጠይቀው ግድግዳውን አየ።»

ግራሶ ይሄን ሲሰማ አንድ ነገር ትዝ አለው።

ግራሶ መሪ ይዞ ወደ ተራራው ሲወጡ መርፌ ከፊት ተቀምጣ ጭንቅላቷን በመስኮት አውጥታለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። መንገዱ እየጠበበ፣ ገደሉ እየጠለቀ ሄደ። ጭጋጉ ዛፎቹን አንድ በአንድ ይበላል። ወሬ የሚባል ጠፋ፤ የሞተሩ ድምፅ እንኳ የሚያቃስት ይመስላል።

ፍየሏ ከመታጠፊያው በታች ድንጋይ ላይ ተሰባብራ ተኝታለች። ግራሶ እየተንሸራተተ ወረደ። የአብሮ አደጉን ሬሳ የሚገልጥ ያህል በቀስታ የፊት ግራ ጎማዋን ዳበሰ።

«እዩ!» ብሎ ጮኸ። «ከፍሬን ዘይት ውስጥ አየር የምናወጣባት ብሎን ነች። እኔ ካሰርኩ በኋላ ከብሎኗ እስከ ብረቱ በነጭ ቀለም አንድ መስመር እስባለሁ። መስመሩ ተሰብሯል፤ ሁለት ዙር ተፈትታለች። በፊትም እንደዚህ ቢሆን ኖሮ ገና ከግቢ ሳትወጣ ዘይቱ ባለቀ። የድሮ መኪና ስለሆነች የፍሬን ዘይቷ ቱቦ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አንዱ ጋ ከፈሰሰ አራቱም ባዶ ይሆናል።»

«ስለዚህ የተፈታችው የት ነው?»

«አናቱ ላይ። ሲመጣ ወንዙ ጋ ትልቅ ቁልቁለት አለ፤ እሱን በደህና ወርዷል። ሻለቃ አናቱ ላይ ሁሌ መኪናውን አቁሞ በእግሩ ይዞራል፤ ነፋስ የማይመታውን የድንኳን ቦታ ሳይረግጥ አይመርጥም። ያኔ ነው የፈቱበት።» ማርሹን አየ። «ሁለተኛ ላይ ነው። በማርሽ ሊይዛት ሞክሯል… ታግሏል፣ ምስኪን።»

አናቱ ድረስ ወጡ። አለት ብቻ ነው፤ የጎማ ዱካ የሚይዝ አፈር የለም። መርፌ አንድ ፕላስቲክ ውሃ ጭልጥ አድርጋ ጠጣች፤ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሲመለሱ ግራሶ በሆዱ የያዘውን አወጣ። «አምና በረሃ ላይ ውሃ ጥም የገደለው ፎቶ አንሺ ነበር። ኮምፓስ ነበር የወሰደው። 'መኪናዋ ተበላሸች፣ እርዳታ ፍለጋ በእግሬ ሄድኩ' አለ፤ ሁሉም አመነው። መኪናዋን ጎትተን ያመጣናት ባለፈው ወር ነው። ቆማ ስለከረመች አዲስ ባትሪና ነዳጅ አድርጌ ቁልፉን ባዞረው…»

«እሺ?»

«ተነሳች። ሌላ ምንም አልነካካሁም። የነገርኩት ለሻለቃ ብቻ ነው። ፊቱ ያን ጊዜ—»

ጧ! የሚል ድምፅ ከመርፌ ቦርሳ ውስጥ ወጣ። ግራሶ መሪውን ሊስት ምንም አልቀረው። «የምን ጥይት ነው?»

መርፌ ቦርሳዋን ከፈተች። ባዶው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተጨማዶ ነበር። ከተራራው ጀምራ ሲያቅለሸልሻት የነበረችው ሴትዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ቶሎ ንዳ» አለችው። «ባስታውክም አትቁም።»

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። እትዬ ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል፣ ደላላው ጥፍሩን ይበላል፣ ኮምፓስ እጁን አጣጥፎ ግድግዳ ተደግፏል። ሁለቱ ፖሊሶች በሩን ዘግተውታል።

«ብሎኗ የተፈታችው ተራራው አናት ላይ ነው» ብላ ጀመረች መርፌ። «ግራሶ ትናንት ቀኑን ሙሉ እዚህ ደንበኛ ሲያስተናግድ ውሏል፤ አራት ሰው ጠይቄያለሁ። እትዬና ደላላው መኪና የላቸውም፤ በእግር ደርሶ መልስ አንድ ቀን አይበቃም። የቀረችው መኪና ቪላ ናት።»

«ቪላ ተራራ አትወጣም!» አለ ኮምፓስ።

«በአንቴናው መንገድ ትወጣለች! ስነግራችሁ ሳቃችሁብኝ!» አለ ደላላው። ወዲያው የተናገረው ገባውና አፉን በእጁ ያዘ።

መርፌ ሁለት ፕላስቲክ ጠረጴዛው ላይ አቆመች። «ይሄ የኔ ነው። ተራራው አናት ላይ ጠጥቼ ዘጋሁት። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ይዞ ሲወርድ የታች አየር ከውጭ ጨመቀው። ይሄኛው የኮምፓስ ሦስተኛ ነው። እትዬ፣ ቁጥሩን መቼ ጻፉት?»

«ትናንት ጠዋት። ታሽጎ እያለ።»

«ተቀምጬበታለሁ ብያለሁ!»

«የተቀመጡበት ፕላስቲክ ሲከፈት አየር ወደ ውጭ ይተነፍሳል። ግራሶ፣ ክፈተው።»

ግራሶ ክዳኑን አዞረ። ፉት! ፕላስቲኩ አየር ወደ ውስጥ ማገና ጎኑ ተነፍቶ ተቃና።

«አንደኛውንና ሁለተኛውን ታች ጠጣሃቸው፤ ቅርጻቸው ደህና ነው። ሦስተኛውን አናቱ ላይ፣ ወንድምህ ድንኳን ቦታ ሲፈልግ። አራተኛውን ከወረድክ በኋላ። ከዚያ ጎማውን ቀንሰህ አንድ ሰዓት አሸዋ ላይ ተመላለስክ። አንተ ባዶ ዕቃ አትጥልም። ያን ፕላስቲክ ገደል ወርውረኸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ካቴናው የግራሶ ነበር።»

«ለምን እገድለዋለሁ? ወንድሜ ነው!»

«አምና መኪናዋ አልተበላሸችም ነበር። መንገድ ጠፋህ፤ ነዳጁ እስኪያልቅ ተንከራተትክ፤ ኮምፓስ መንገድ ጠፋው እንዳይባል መኪናዋን ተበላሸች አልክ። ሰውየውን ትተህ ውሃውን ይዘህ ሄድክ። ወንድምህ ለሟቹ ቤተሰብ ሊናገር ነበር።»

ኮምፓስ እትዬን አየ። እትዬ አላዩትም።

«ለሁለት የሚበቃ ውሃ አልነበረም» አለ በቀስታ። «ለአንድ ሰው ነበር። ለሻለቃ ስነግረው… 'ታዲያ ለምን አንተ ጠጣኸው?' አለኝ። አንዲት እናት የወለደችን ወንድሜ እንደዚህ ይላል?»

ካቴናው ቀጭ አለ። ሲወስዱት በሩ ላይ ቆም ብሎ ግራሶን አየው። «ምነው ያን ቁልፍ ባላዞርከው» አለና ወጣ።

ደላላው ሹልክ ብሎ ጠፋ። መርፌም መኪና እንቢ ብላ በእግሯ ሄደች። ግራሶ ጭንቅላቱን ደፍቶ መፍቻዎቹን ይለቃቅም ጀመር። ነጻ ወጥቷል፤ ደስታው ግን ከየት ይምጣ?

እትዬ ከሳጥኑ ተነሱ።

«የፎቶ አንሺው እናት ቤት ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ፣ እትዬ።»

«ባሌ የጀመረውን ልጨርስለት። አሁን ውሰደኝ።»

«ታክሲ ልጥራልዎት?»

«ታክሲ ምን ያደርግልኛል? ያችን ጠዋት ስሯ የነበርክባትን መኪና አስነሳ። ሠርተህ ጨርሰሃታል?»

«ጨርሻታለሁ።»

«ፍሬኗንም?»

ግራሶ ቁልፉን አነሳ። «ፍሬኗንም።»

እትዬ ከፊት ገብተው ተቀመጡና በሩን ዘጉ። ቀበቶውን ስበው አሰሩት። «መንገዱ ቁልቁለት ነው» አሉት፣ «አትቸኩል»፤ ጭንቅላታቸውንም መቀመጫው ላይ ጣል አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።